በገዛ ቤት እንግዳ መሆን፦ በፈረንሳይ ገጠር የዕረፍት ቤት ያላቸው የብሪታንያ ነዋሪዎች ጉዳይ

የአውሮፓ ኅብረት ኦክቶበር 12 ቀን 2025 በውጭ ድንበሮቹ ላይ አዲስ የመግቢያና መውጫ መመዝገቢያ ሥርዓት ማስጀመሩን ተከትሎ፣ ኑሯቸው በብሪታንያ ሆኖ በፈረንሳይ ገጠር የዕረፍት ቤት ያላቸው ሰዎች ጉዳይ እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) የባለቤቶቹ ቅሬታ ሲጠቃለል፣ ዋጋውን ከፍለው በገዙትና በየዓመቱ ግብር በሚከፍሉበት ቤት ውስጥ የሚያድሩባቸውን ሌሊቶች ሌላ አካል ሊቆጥርባቸው አይገባም የሚል ነው። በአንጻሩ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣትን የመረጠችው አገራቸው ስለሆነች ውጤቱንም መቀበል አለባቸው የሚል አጭር መልስ ይሰጣቸዋል። ሁለቱም አባባሎች ከፊል እውነት ያዘሉ ቢሆኑም፣ ችግሩ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚያመራ አያስረዱም። ውዥንብሩ የሚፈጠረው ሕጉ ስለ ቤቱና ስለ ሰውየው ለየብቻ የሚናገር መሆኑ ስለሚዘነጋ ነው፤ ለአርባ ስምንት ዓመት ገደማ ሁለቱ ተደራርበው ስለኖሩ ልዩነታቸውን ማንም ልብ ሊለው አልተገደደም ነበር።

ባዶ የቀሩ የድንጋይ ቤቶች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ሦስት አሥርት ዓመታት የፈረንሳይ ገበሬ ልጆች ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ ሲፈልሱ፣ በዶርዶኝ፣ በሊሙዛን፣ በሻራንትና በብሬታኝ መሀል አገር ወፍራም ግድግዳ ያላቸው የድንጋይ ቤቶች ከነጎተራቸው ባዶ ቀሩ። ብዙዎቹ በወራሾች የጋራ ንብረትነት ተይዘው፣ ሊጠግናቸውም ሊሸጣቸውም የሚነሣ ሰው ጠፍቶ ጣሪያቸው እየፈረሰ ኖረ። በቀዬው የቀረው ነዋሪም ቢሆን እርጥበት የሚያጠቃውን የአያቶቹን ቤት ከማደስ ይልቅ በከተማው ዳር አዲስ ቤት መሥራትን ይመርጥ ነበር። በደቡብ እንግሊዝ አነስተኛ አፓርታማ እንኳ በማይገዛ ገንዘብ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ማግኘት የሚቻልበት ገበያ የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

መጓጓዣው ገበያውን አሰፋው። ብሪተኒ ፌሪስ የተባለው የመርከብ ድርጅት በብሬታኝ ገበሬዎች የተቋቋመው አበባ ጎመንና አርቲቾክ ወደ እንግሊዝ ለመላክ ታስቦ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ጉዞውን ከሮስኮፍ ወደ ፕሊመዝ ያደረገው ብሪታንያ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብን በተቀላቀለች በማግስቱ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 1973 ነበር። ለአትክልት የተከፈተው መስመር ብዙም ሳይቆይ የመንገደኞች ሆነ። በ1994 የባሕር ሰርጡ የባቡር ዋሻ ተከፈተ፤ ከዚያም ርካሽ አየር መንገዶች እንደ ሊሞዥና ቤርዤራክ ባሉ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያዎች ማረፍ ጀመሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አንድ ፓውንድ ወደ 1.50 ዩሮ ይጠጋ ስለነበር፣ የእንግሊዝ ቤቱን ዋስትና አድርጎ ከባንክ የሚበደር ሰው በፈረንሳይ ገጠር ሀብታም ሆኖ ይታይ ነበር። ብሪታንያውያን ከመብዛታቸው የተነሣ ዶርዶኝን የእንግሊዝ አውራጃ አስመስለው «ዶርዶኝሻየር» እያሉ መቀለድ የተለመደው በዚያን ጊዜ ነው።

እነዚህ ምክንያቶች ግን ሊቀለበሱ የሚችሉ ነበሩ። በ2008 መጨረሻ ፓውንዱ ከአንድ ዩሮ ጥቂት ብቻ ወደሚበልጥበት ደረጃ ወርዷል። የአየር መስመርም ቢሆን በአንድ ኩባንያ ውሳኔ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው፤ ራያንኤር በ2025 የፈረንሳይ መንግሥት የአውሮፕላን ትኬት ግብር መጨመሩን ምክንያት አድርጎ ለቀዝቃዛው ወቅት ቤርዤራክን ጨምሮ ሦስት ማረፊያዎችን እንደሚተው ማስታወቁ ለዚህ ምሳሌ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖም ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። በፈረንሳይ ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ተቋም አኃዝ መሠረት በብሪታንያ ነዋሪዎች የተያዙት ሁለተኛ ቤቶች ወደ 86,000 ይደርሳሉ።

የቤቱ መብትና የሰውየው መብት

ፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ቤት እንዳይገዙ አትከለክልም። ገዢው የየትኛውም አገር ዜጋ ቢሆን፣ ግዢው የሚፈጸመው ኖተር በሚባለው የሕግ ባለሙያ ፊት ነው። ኖተሩ የእኛ አገር ውልና ማስረጃ ከሚሠራው በላይ ይሠራል፤ የንብረቱን የኋላ ታሪክ ያጣራል፣ ለመንግሥት የሚገባውን ቀረጥ ይሰበስባል፣ ዝውውሩንም ያስመዘግባል። ከብሬግዚት፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣችበት ሂደት በፊትም ሆነ በኋላ፣ በዚህ ረገድ የተለወጠ ነገር የለም፤ ቤቱን ያጣ ሰውም የለም።

የተለወጠው የመቆየት መብቱ ነው። እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድረስ የብሪታንያ ዜጋ እንደ አውሮፓ ኅብረት ዜጋ በነፃ የመዘዋወር መብት ነበረውና በፈረንሳይ ቤቱ ስንት ቀን እንደተቀመጠ የሚጠይቀው አልነበረም። ይህ መብት የመጣው ከፓስፖርቱ እንጂ ከቤቱ ካርታ አልነበረም። በማግስቱ «የሦስተኛ አገር ዜጋ» ሆነ፤ ቃሉ የአውሮፓ ኅብረትን፣ ከኅብረቱ ጋር በነፃ ዝውውር የተሳሰሩትን አገሮችና ስዊዘርላንድን የማይጨምር የማንኛውም አገር ዜጋ ማለት ነው። ኅብረቱና ብሪታንያ የፈረሙት የመውጫ ስምምነት ከዚያ ቀን በፊት በፈረንሳይ ነዋሪ ለሆኑ ብሪታንያውያን ልዩ የመኖሪያ ካርድ ሰጥቷል። መኖሪያው በብሪስቶል ሆኖ በዓመት አምስት ወር በሻራንት የሚያሳልፈው ግን ነዋሪ ስላልነበረ ከጥበቃው ውጭ ቀረ። ቤት መያዝ ብቻውን በስምምነቱ ውስጥ ዋጋ አልነበረውም።

የብሪታንያ ዜግነት ያገኙ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በዚሁ ሕግ ይተዳደራሉ። በብሪታንያ የመኖሪያ ፈቃድና በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚኖር ሰው ደግሞ ቀድሞም ወደ ፈረንሳይ ለመሻገር የሸንገን ቪዛ ያስፈልገው ስለነበር፣ ብሬግዚት በዚህ ረገድ ያመጣበት ለውጥ የለም። ለአማርኛ አንባቢ ልዩነቱን ግልጽ የሚያደርገው ምናልባት ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ነው። በ2002 በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የውጭ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ የሚገባውና ያለ መኖሪያ ፈቃድ የሚቀመጠው በትውልዱ ነው፤ ቤት ኖረው አልኖረው አይጠየቅም። ፈረንሳይና ኅብረቱም እንዲሁ መቆየትን ከንብረት ጋር አላያያዙትም።

ዘጠናው ቀን እንዴት ይቆጠራል

ያለ ቪዛ የሚገባ የሦስተኛ አገር ዜጋ በማናቸውም የ180 ቀን ጊዜ ውስጥ ከ90 ቀን በላይ በሸንገን ክልል መቆየት አይችልም። ሸንገን የሚባለው በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ያስቀሩ 29 አገሮች የጋራ ክልል ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ደንቡን «በዓመት ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ወር» ብለው ሲተረጉሙት ነው። ስሌቱ ተንከባላይ ነው፤ ተጓዡ በክልሉ ባለበት በእያንዳንዱ ቀን ያን ቀን ጨምሮ ወደኋላ 180 ቀን ይቆጠርና በዚያ ውስጥ ያሳለፈው ይደመራል። የገባበትም የወጣበትም ቀን ሙሉ ቀን ሆኖ ይያዛል፤ በስፔን ወይም በጣልያን ያሳለፈውም አብሮ ይታሰብበታል።

ለምሳሌ የአትክልት ቦታውን ለመንከባከብ ኤፕሪል 1 ቀን የገባ ሰው እስከ ጁን 29 ቢቆይ ዘጠናው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ተመልሶ መግባት የሚችለው ሴፕቴምበር 28 ነው። ጁላይንና ኦገስትን፣ ማለትም የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ዘግቶላቸው የሚመጡበትን ጊዜ፣ ከቤቱ ርቆ ያሳልፋል። በአንጻሩ በየሦስት ወሩ ለሁለት ሳምንት ብቻ ብቅ የሚል ሠራተኛ ደንቡ መኖሩን እንኳ ላያስተውል ይችላል። ጉዳቱ የሚበረታው ጡረተኞች ላይ ነው፤ ቅሬታውም በዋናነት የሚሰማው ከእነርሱ ነው።

አዲሱ የመመዝገቢያ ሥርዓት ይህን ደንብ አልፈጠረውም፣ አላጠበቀውምም። ቀድሞ ቀኑ የሚታወቀው ድንበር ጠባቂው ፓስፖርት ላይ በሚመታው ማኅተም ነበር፤ ማኅተም ይዘለላል፣ ይደበዝዛል፣ ቆጣሪውም ይሳሳታል። አሁን የተጓዡ የፊት ምስልና የጣት አሻራ ከመግቢያና መውጫ ቀኑ ጋር ይመዘገባል፣ ቀኑንም ኮምፒውተር ያሰላል። ሥርዓቱ ማኅተምን ሙሉ በሙሉ እንዲተካ የተያዘለት ቀን ኤፕሪል 10፣ 2026 ነው። የፈረንሳይ ድንበር ፖሊስ በሁለቱ አገሮች ስምምነት መሠረት ፍተሻውን የሚያካሂደው በዶቨር፣ በፎክስተንና በለንደኑ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ፣ ማለትም በብሪታንያ ምድር ላይ ስለሆነ፣ ቀኑ ያለቀበት ሰው ባሕሩን ሳይሻገር ሊመለስ ይችላል። የቆመው ቸልታው ነው ማለት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን ኑሮውን የገነባው በዚያ ቸልታ ላይ ነበር።

የረጅም ጊዜ ቪዛውና በፓርላማ የተሞከረው መፍትሔ

ከዘጠና ቀን በላይ መቆየት ለሚፈልግ መንገዱ ዝግ አይደለም። ፈረንሳይ እስከ ስድስት ወር የሚያገለግል ጊዜያዊ የረጅም ቆይታ ቪዛ ትሰጣለች። አመልካቹ የሚተዳደርበት ገቢ፣ የሕክምና መድንና የሚያርፍበት ቤት እንዳለው ያሳያል፤ በፈረንሳይ እንደማይሠራም ቃል ይገባል፤ 99 ዩሮና የአገልግሎት ክፍያ ይከፍላል፤ አሻራውን ለመስጠትም በአካል ይቀርባል። ቪዛው ስለማይታደስ ይህ ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል። ለአንድ ጤነኛ ጡረተኛ ነገሩ አድካሚ እንጂ የማይቻል አይደለም። የመድን ዋጋ በዕድሜና በበሽታ እየጨመረ ለሚሄድበት ሰው ግን ሒሳቡ የተለየ ነው።

ይህን ለማቃለል የሞከሩት ብሪታንያውያን ሳይሆኑ የፈረንሳይ ሕግ አውጪዎች መሆናቸው ትኩረት ይሻል። የሳቯ ግዛት ሴናተር ማርቲን ቤርቴ በ2023 በቀረበው የስደተኞች ሕግ ረቂቅ ላይ፣ በፈረንሳይ ሁለተኛ ቤት ያላቸው ብሪታንያውያን የረጅም ጊዜ ቪዛ ያለ ማመልከቻ እንዲያገኙ የሚፈቅድ ማሻሻያ አስገቡ። ሳቯ የአልፕስ የበረዶ ሸርተቴ አገር ስለሆነች የውጭ ቤት ባለቤቶች ገንዘብ ለአካባቢው ምን እንደሆነ ታውቃለች። ማሻሻያው ዲሴምበር 19 ቀን 2023 በጸደቀው ሕግ ውስጥ ገባ። ጃንዋሪ 25 ቀን 2024 ግን የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ከሌሎች በርካታ አንቀጾች ጋር ሰረዘው።

የተሰረዘበት ምክንያት በብዛት በተሳሳተ መንገድ ይነገራል። ምክር ቤቱ ለብሪታንያውያን ልዩ መብት መስጠት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አላለም። በፈረንሳይ ሕገ መንግሥት መሠረት በረቂቅ ላይ የሚጨመር ማሻሻያ ከመጀመሪያው ረቂቅ ጋር ቢያንስ ቀጥተኛ ያልሆነ ግንኙነት ሊኖረው ይገባል፤ ይህኛው የለውም ተባለ። ስለዚህ ሐሳቡ በሌላ ሕግ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ይሁንና ወደ ስደተኞች ሕግ የሾለከ አንድ አንቀጽ ራሱን ችሎ ሲቀርብ የሚጠብቀው ክርክር የበረታ ነው፤ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ዜግነት ያለው ቤት ባለቤት ለምን ተለይቶ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ብቻውን ቀላል መልስ የለውም።

በሁለቱ ወገኖች የሚነሡ ክርክሮች

የባለቤቶቹ ጠንካራው ክርክር የሚመነጨው ከአለመመጣጠኑ ነው። ፈረንሳዊ ጎብኚ በብሪታንያ በአንድ ጉዞ እስከ ስድስት ወር ያለ ቪዛ ሊቆይ ይችላል፤ ብሪታንያዊ በፈረንሳይ የተፈቀደለት የዚያ ግማሽ ነው። የዘጠና ቀኑ ደንብ የመላው ሸንገን የጋራ ሕግ ስለሆነ ግን ፓሪስ ብቻዋን ልትለውጠው አትችልም፤ በእጇ ያለው የራሷን የረጅም ጊዜ ቪዛ ማቅለል ነው። ሁለተኛው ክርክራቸው ኢኮኖሚያዊ ሲሆን፣ ሕዝቧ በሸመገለባትና ሱቅ በሚዘጋባት ትንሽ መንደር ጣሪያ ሠሪው፣ ዳቦ ቤቱና ምግብ ቤቱ ከእነርሱ ወጪ ተጠቃሚ ናቸው ይላሉ።

ተቃራኒው አስተያየት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በመሀል ፈረንሳይ ገጠር በክሩዝ ማንም ያልፈለገውን ፍርስራሽ የገዛ ሰው ከነዋሪ ጋር አልተሻማም። በብሬታኝ ጠረፍ፣ በባስክ አገርና በአልፕስ ግን የአካባቢው ወጣት ቤት የሚያጣው በዓመት አሥር ወር መስኮታቸው በተዘጋ ቤቶች ምክንያት ነው የሚል ምሬት አለ። እርግጥ ነው የእነዚህ ቤቶች አብዛኞቹ ባለቤቶች ፈረንሳውያን ናቸው፤ በፈረንሳይ ካሉት አሥር ቤቶች አንዱ ሁለተኛ ቤት ነው። ብሪታንያም ራሷ ከዚህ ችግር አላመለጠችም። የዌልስ የአካባቢ አስተዳደሮች ከ2023 ጀምሮ በሁለተኛ ቤቶች ላይ እስከ 300 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ግብር መጣል ይችላሉ፤ በእንግሊዝም ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ግብሩን እጥፍ ማድረግ ተፈቅዷል። በኮርንዎል የለንደን ሰዎችን የሚወቅሰው ነዋሪና በሴን ማሎ የፓሪስ ሰዎችን የሚወቅሰው ነዋሪ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

ቀስ ብሎ የሚከብደው ወጪ

የቀኑ ቆጠራ ስሜት የሚነካ ስለሆነ ውይይቱን ያጥለቀልቀዋል፤ በእኔ ግምት ግን የብዙ ባለቤቶችን ውሳኔ በመጨረሻ የሚወስነው ግብሩና ውርሱ ነው።

በፈረንሳይ ቤት ላይ ሁለት ዓመታዊ የአካባቢ ግብሮች አሉ። አንዱ በጃንዋሪ 1 የቤቱ ባለቤት የሆነ ሰው የሚከፍለው የንብረት ግብር ነው። ሌላው የመኖሪያ ግብር ይባላል፤ ይህኛው ለዋና መኖሪያ ከ2023 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ቢቀርም ለሁለተኛ ቤት እንዳለ ቀጥሏል። የቤት እጥረት አለባቸው ተብለው የተመዘገቡ ኮሚዩኖች፣ ማለትም የፈረንሳይ ትንሹ የአስተዳደር እርከን ምክር ቤቶች፣ በመኖሪያ ግብሩ ላይ ከ5 እስከ 60 በመቶ ሊጨምሩ ይችላሉ። ዝርዝሩ በ2023 ወደ 3,700 ገደማ ኮሚዩኖች ሰፍቷል። አገሪቱ ወደ 35,000 የሚጠጉ ኮሚዩኖች ስላሏት ጭማሪው የሚነካው ከአሥር አንድ ያህሉን ነው።

ቤቱን ለእንግዳ አከራይቶ ወጪውን መሸፈንም እንደ ቀድሞው አያዋጣም። በኖቬምበር 2024 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ የአጭር ጊዜ ኪራይ የግብር ቅናሽን ቀንሷል፤ ብሪታንያም ለዕረፍት ቤት አከራዮች ትሰጠው የነበረውን ልዩ የግብር አያያዝ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ አንሥታለች። በገጠር የፍሳሽ ማስወገጃው ጉዳይም አለ። የሕዝብ ቱቦ በማይደርስበት አካባቢ ያለው ሴፕቲክ ታንክ ደረጃውን ያልጠበቀ ሆኖ ከተገኘ ገዢው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያስተካክለው ይገደዳል፤ ሥራውም በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ይወስዳል።

ለመሸጥ የወሰነ ሰው በትርፉ ላይ 19 በመቶ ግብርና ከዚያ የተለየ የማኅበራዊ መዋጮ ይከፍላል። የመጀመሪያው ቤቱ ከተያዘ 22 ዓመት፣ ሁለተኛው 30 ዓመት ሲሞላው ይቀራል። በ1990ዎቹ የገዙት ጡረተኞች የመጀመሪያውን ደረጃ አልፈዋል፣ ሁለተኛውንም አልፈዋል ወይም ተቃርበዋል፤ ለመሸጥ የሚያመነታ ሰው ሲቀንስ ብንመለከት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ወራሾቹ

ውርስ ላይ የሁለቱ አገሮች አስተሳሰብ ራሱ ይጋጫል። በእንግሊዝ ሕግ ተናዛዥ ንብረቱን በመሠረቱ ለወደደው መተው ይችላል። ከ1804ቱ የናፖሊዮን ሕግ ጀምሮ ፈረንሳይ ለልጆች የማይነካ ድርሻ ታስቀምጣለች፦ ለአንድ ልጅ ግማሹ፣ ለሁለት ሁለት ሦስተኛው፣ ለሦስትና ከዚያ በላይ ሦስት አራተኛው። ከኦገስት 2015 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ የውጭ ዜጋ የዜግነት አገሩ ሕግ በውርሱ ላይ እንዲሠራ በኑዛዜው እንዲመርጥ ስለፈቀደ ብዙ ብሪታንያውያን ይህን መንገድ ተጠቀሙ። ፈረንሳይ በ2021 ባወጣችው ሕግ ግን፣ የተመረጠው ሕግ ለልጆች የተጠበቀ ድርሻ የማይሰጥ ከሆነና ሟቹ ወይም ከልጆቹ አንዱ የኅብረቱ ዜጋ ወይም ነዋሪ ከሆነ፣ ልጆቹ ድርሻቸውን ፈረንሳይ ካለው ንብረት ላይ እንዲያስከፍሉ ፈቀደች።

የውርስ ግብሩም በዝምድና ይለያያል። የትዳር ጓደኛ አይከፍልም። ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጅ 100,000 ዩሮ ከግብር ነፃ ሆኖለት ከቀሪው ከ5 እስከ 45 በመቶ ይከፍላል። የእንጀራ ልጅ ግን በሕግ ፊት ባዕድ ስለሆነ የሚጠብቀው 60 በመቶ ነው። ሁለተኛ ትዳር በበዛበት ትውልድ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ የእንግሊዝን ሕግ በኑዛዜ መምረጥም የግብሩን መጠን አይለውጠውም።

ቤቱ ለሦስት ወይም ለአራት ልጆች ሲተላለፍ በጋራ ባለቤትነት ይያዛል። እያንዳንዳቸው የብሪታንያ ፓስፖርትና የየራሳቸው ዘጠና ቀን አላቸው፤ በሥራ ዕድሜ ላይ ስለሆኑ ቀኑ አይጠባቸውም፣ የሚጠባቸው የጣሪያ ማደሻና የሁለቱ ግብሮች ድርሻ ነው። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንም ሰው በጋራ ባለቤትነት ውስጥ እንዲቆይ አይገደድም። ከወራሾቹ አንዱ ድርሻዬን በገንዘብ እፈልጋለሁ ካለና ሌሎቹ መግዛት ካልቻሉ፣ ቤቱ ተመልሶ ለገበያ ይቀርባል፤ አያቶቻቸው ከፈረንሳውያን ወራሾች እጅ የገዙትም በዚሁ መንገድ ነበር።